ስልካችን የሚያሳየንን የሚመርጠው ስሌት

የዛሬው ኤክስ፣ የያኔው ትዊተር፣ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የትኛውን ጽሑፍ ማሳየት እንዳለበት የሚወስነውን ኮድ ማርች 31 ቀን 2023 ለሕዝብ ይፋ አደረገ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያው ሰሞን ከወጡት ቁጥሮች ሁለቱን ብቻ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ላይክ የሚይዘው ክብደት 0.5 ነው፤ መልስ የሚይዘው 13.5። አንድ መልስ 27 ላይክ ያህል ይመዝናል ማለት ነው። የጽሑፉ ባለቤት መልሱን ላይክ ካደረገ ወይም መልሶ ከጻፈ ደግሞ ክብደቱ 75 ይደርሳል። መልሱ ምርቃት ይሁን እርግማን የሚለይበት ቦታ በዚህ ስሌት ውስጥ የለም።

ኩባንያው ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱን ደጋግሞ ለውጦታል። ሆኖም ከትልልቆቹ መድረኮች መካከል ሚዛኑን እስከ ነጥቡ ድረስ በግልጽ ያሳየ ብዙ ስለሌለ፣ ነገሩን ለመረዳት ይህ ስሌት አሁንም ጥሩ ማሳያ ነው። ማሽኑ እያንዳንዱን ድርጊት የመፈጸምዎን ዕድል ገምቶ በክብደቱ ያባዛዋል፣ ከዚያ ይደምረዋል። በሁለት ጽሑፎች ላይ እንሞክረው።

አንደኛው ጽሑፍ የማዳበሪያ ዋጋ በየወረዳው ስንት እንደገባ የሚዘረዝር ነው እንበል። ማሽኑ ያለፈ ታሪክዎን አይቶ፣ ይህን ጽሑፍ ላይክ የማድረግዎ ዕድል 10 በመቶ፣ ሪትዊት የማድረግዎ (ለተከታዮችዎ መልሰው የማሰራጨትዎ) 2 በመቶ፣ መልስ የመጻፍዎ 1 በመቶ ነው ብሎ ገመተ። 0.10 በ0.5 ሲባዛ 0.05 ይሆናል። የሪትዊት ክብደት 1 ስለሆነ ከዚያ የሚገኘው 0.02 ነው። 0.01 በ13.5 ሲባዛ 0.135። ድምሩ 0.205።

ሁለተኛው ጠብ ያለሽ በዳቦ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ አንዱን ሕዝብ ይዘልፋል። ላይክ የማድረግዎ ዕድል 4 በመቶ ብቻ፣ ሪትዊት 3 በመቶ፣ ተናድደው መልስ የመጻፍዎ ዕድል ግን 6 በመቶ ነው። ሲሰላ 0.02፣ 0.03 እና 0.81 ይመጣል፤ ድምሩ 0.86። ላይክ የሚያደርጉለት ዕድል ከመጀመሪያው ግማሽ በታች የሆነው ጽሑፍ ከአራት እጥፍ በላይ ነጥብ አግኝቶ ከላይ ተቀመጠ።

ሪፖርት የማድረግ ግምትም በስሌቱ ውስጥ አለ፣ ክብደቱም ከዜሮ በታች 369 ነው። ይህን ዘለፋ ሪፖርት የማድረግዎ ዕድል ከሺህ አንድ ነው ተብሎ ከተገመተ 0.369 ይቀነስበትና 0.491 ይቀረዋል፤ አሁንም ከማዳበሪያው ዜና በላይ ነው። ከሺህ ሁለት ከሆነ ግን 0.122 ብቻ ይቀረውና ከታች ይወርዳል። ዕድሎቹን ለምሳሌ ያህል የመረጥናቸው እኛ ነን፤ ክብደቶቹ ግን የታተሙት ናቸው። ዘለፋን የሚያነሣና የሚጥለው ልዩነት ይህን ያህል ጠባብ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ስሌት አልጎሪዝም ይለዋል፣ «አልጎሪዝሙ የምወደውን ያውቃል» ሲልም ይሰማል። ይህ አባባል ነገሩን ያሳስታል። ማሽኑ የሚገምተው ጣት ቀጥሎ ምን እንደሚነካ ነው። ሰውየው ያየውን ይደግፈው፣ ይጸየፈው፣ ይፍራው የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ በእጁ ያለው ቆመ፣ ነካ፣ ጻፈ፣ አለፈ የሚለው መዝገብ ነው።

ሥራው በብዙዎቹ መድረኮች ዘንድ ተመሳሳይ ደረጃዎች አሉት። መጀመሪያ እጅግ ብዙ ከሆነው ክምችት ውስጥ ጥቂት ዕጩዎች ይለቀማሉ። ትዊተር በቀን ከሚወጡት ወደ 500 ሚሊዮን ጽሑፎች ውስጥ ለአንድ ሰው 1500 ያህሉን እንደሚመርጥ፣ ከእነዚህም በአማካይ ግማሾቹ ከሚከተላቸው ሰዎች፣ ግማሾቹ ከማይከተላቸው እንደሚመጡ ገልጾ ነበር። ቀጥሎ እያንዳንዱ ዕጩ ከላይ ባየነው ዓይነት ስሌት ነጥብ ይሰጠዋል። በመጨረሻ ወንፊት አለ፦ ብሎክ የተደረገ ሰው ይወጣል፣ የአንድ ጸሐፊ ጽሑፎች ተከታትለው እንዳይመጡ ይበተናሉ። ዩቲዩብም በ2016 መሐንዲሶቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ከሚሊዮኖች ቪዲዮ መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዕጩዎችን እንደሚመርጥና ከዚያ ደረጃ እንደሚሰጥ አብራርቷል። ቲክቶክን በተመለከተ፣ ኒው ዮርክ ታይምስ በ2021 መጨረሻ ያገኘው የውስጥ ሰነድ ሲጠቃለል የላይክ ዕድል፣ የኮሜንት ዕድል፣ ቪዲዮው የመታየቱ ዕድል እና የሚታይበት ጊዜ እያንዳንዳቸው በየክብደታቸው ተባዝተው ይደመራሉ የሚል ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ምልክቶች ሰው ልብ የማይለው ጊዜን ነው። ምንም ሳይነካ፣ ላይክም ኮሜንትም ሳያደርግ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው «እኔ ምንም አልሰጠኋቸውም» ብሎ ያስባል። ቲክቶክ ግን በ2020 ስለ ሥርዓቱ ባወጣው ማብራሪያ፣ ረዘም ያለን ቪዲዮ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማየት ጠንካራ ምልክት፣ ተመልካቹና ቪዲዮውን የሠራው ሰው አንድ አገር መሆናቸው ግን ደካማ ምልክት መሆኑን ተናግሯል። ስሕተቱ የሚገባው በዚህ በኩል ነው። መንገድ ላይ አደጋ ሲደርስ መኪናው ሁሉ ቀስ ብሎ እያየ እንደሚያልፈው፣ አሰቃቂ ቪዲዮ ላይ ሰው በድንጋጤ ይቆማል። ድንጋጤው በመዝገቡ ላይ እንደ ፍላጎት ይሰፍራል፣ ነገም ተመሳሳዩ ይመጣል። ስልክ የጋራ በሆነበት ቤት ደግሞ ስሕተቱ ሌላ መልክ አለው። ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ በእናታቸው ስልክ ያዩት ካርቱን፣ የአጎት ልጅ የፈለገው የኳስ ጨዋታ እና የእናትየው መዝሙር በአንድ አካውንት ላይ ተደባልቀው፣ ማሽኑ በዓለም ላይ የሌለ አንድ ሰው ይፈጥራል።

ሚዛኑ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ኩባንያዎቹ ይቀይሩታል፣ እነርሱ ሲቀይሩት ደግሞ የሚጻፈውና የሚቀረጸውም ይቀየራል። ዩቲዩብ እስከ 2012 ድረስ ዋና መለኪያው ጠቅታ ነበር። አሳሳች ፎቶ የለጠፈ ሁሉ ጠቅታ ይሰበስብ ስለነበር በዚያ ዓመት ወደ እይታ ሰዓት ዞረ፤ ከዚያ በኋላ የሚያዋጣው ተመልካቹን ይዞ መቆየት ሆነ። በአማርኛ ዩቲዩብ ላይ ርዕሱ «ሰበር ዜና» ብሎ፣ ዋናውን ነገር ለማውጣት ሃያ ደቂቃ የሚያስጠብቀው አቀራረብ ሁለቱንም ዘመን አጣምሮ የያዘ ነው፦ ርዕሱ ለጠቅታ፣ ማዘግየቱ ለሰዓት። ፌስቡክ በበኩሉ በጃንዋሪ 2018 «ትርጉም ያለው ማኅበራዊ ግንኙነት»ን አስቀድማለሁ ብሎ ሚዛኑን ቀየረ። በ2021 የወጡት የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት ላይክ 1 ነጥብ፣ ሼር 5፣ ረዘም ያለ ኮሜንት 30 ነጥብ ይይዝ ነበር። የቁጣዋ ምልክት፣ ያቺ ቀይ ፊት፣ ከ2017 ጀምሮ የላይክን አምስት እጥፍ ትመዝን ነበር፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰች በሴፕቴምበር 2020 ወደ ዜሮ ወረደች። በአውሮፓ የሚገኙ የፖለቲካ ፓርቲዎች «ካልተሳደብን የሚያየን ጠፋ» የሚል ይዘት ያለው ቅሬታ ለኩባንያው እንዳቀረቡ ከእነዚሁ ሰነዶች ታውቋል። ፓርቲ እንኳ ለሚዛን ንግግሩን ከለወጠ፣ ከእይታ ገቢው ቤተሰብ የሚያስተዳድር የአንድ ሰው ቻናል ምን ያህል እንደሚለወጥ መገመት አይከብድም።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ነገሩ ሌላ ጠባይ ይይዛል፤ ብዙ ያልተነገረለትም ይኸው ነው። ማሽኑ አንድን ጽሑፍ ለማን እንደሚያሳይ ለመወሰን ሁለት መንገድ አለው፦ ጽሑፉ ምን እንደሚል መረዳት፣ ወይም ጽሑፉን እነማን እንዳዩት መቁጠር። በእንግሊዝኛ ሁለቱም ጠንካራ ናቸው። በአማርኛ የመጀመሪያው ደካማ ነው።

ለምን ደካማ እንደሆነ አንድ ስም ብቻ ያሳያል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም የመጀመሪያ ድምፁ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ሥ ወይም ስ፣ ሴ ወይም ሤ። ስድስት በሁለት በሁለት ሲባዛ 24 አጻጻፍ ይመጣል። ሁለቱን ቃላት አጋጥሞ የሚጽፍም ስላለ 48። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ነው፤ ፊደላቱን አስቀድሞ ወደ አንድ ላልመለሰ ማሽን ግን 48 የተለያየ ነገር ነው። በላዩ ላይ ብዙ ወጣት ስልኩ ላይ አማርኛን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ እዚያ ደግሞ ወጥ አጻጻፍ የሚባል ጭራሽ የለም። የግሡም ጠባይ አለ። «ይገደል» እና «አይገደል» በአንድ ፊደል ይለያያሉ፤ አንዱ ግድያን ሲጠራ ሌላው ግድያው እንዲቀር ይለምናል። «አልነገረችንም» የሚለው አንድ ቃል ውስጥ ማን እንዳልተናገረ፣ ለማን እንዳልተናገረ፣ አለመናገሩም ጭምር አለ። ቃል ቆጥሮ የሚሠራ ማጣሪያ እዚህ ይንገዳገዳል። ንግግሩ በቀጥታ ስርጭት የሚሄድ ቪዲዮ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ ድምፁን ወደ ጽሑፍ መለወጥ አለበት፣ ያም በአማርኛ ከእንግሊዝኛው ብዙ ወደ ኋላ የቀረ ነው።

ስለዚህ ማሽኑ በሁለተኛው መንገድ ላይ ይደገፋል፦ ይህን ያዩ ሰዎች ሌላ ምን አዩ? ሪያድ ሆና ስለ ኢቃማ (የሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ) እድሳት አንድ ቪዲዮ ላየች ሴት፣ ማሽኑ ያንኑ ቪዲዮ ያዩ ሌሎች ሰዎች የሚያዩትን ነገር ሁሉ ይዞላት ይመጣል፤ ሠርጉን፣ መንዙማውን ወይም መዝሙሩን፣ ከዚያም የአንድ አካባቢ ፖለቲካን። ብሔርሽ ማን ነው፣ ሃይማኖትሽስ ብሎ የጠየቃት የለም። ነገር ግን የአማርኛ ተመልካች በሚሰማው ዘፈን፣ በሚከተለው ሰባኪ፣ በሚከታተለው የአካባቢ ዜና አስቀድሞ ተቧድኖ የተቀመጠ ነው። ማሽኑ ቡድኑን በስሙ ሳያውቀው ድንበሩን ያገኘዋል፣ አግኝቶም ያጠብቀዋል።

ይህንን የሚያባብስ የገንዘብ ምክንያትም አለ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ ተቀምጦ የሚያይ ሰው የሚያስገኘው የማስታወቂያ ገቢ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ካለው ተመልካች እጅግ ይበልጣል። ለመኖር የሚሠራ የአማርኛ ቻናል ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግንና ፍራንክፈርትን እያሰበ ይቀርጻል። ከአገር የራቀ ሰው የሚጨነቅበት ነገር፣ ማለትም ጦርነት፣ ስጋት፣ «ምን ሆኑ ይሆን» የሚለው ሐሳብ፣ የይዘቱን ቃና ይወስናል፤ ቪዲዮው ተመልሶ አገር ቤት ሲደርስ ደግሞ እዚያው የሚኖረው ሰው ስለ ሰፈሩ የሚያስበውን ይነካል።

ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነትን በሌላ አገር ሰርቨር በኩል የሚያሳልፈው መተግበሪያ፣ ደግሞ ሌላ ቅይጥ ይጨምራል። ከፌብሩዋሪ እስከ ጁላይ 2023 በኢትዮጵያ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በታገዱባቸው ወራት ብዙ ሰው በቪፒኤን ነበር የሚገባው። በዚህ ጊዜ መድረኩ የሚያየው የሰርቨሩን አገር ስለሆነ ማስታወቂያውና በዚያ አገር ተወዳጅ የሆነው ነገር ይመጣል፤ የአካውንቱ ያለፈ ታሪክ ግን አብሮት ስለሚሄድ የለመደው ይዘት አይጠፋም። ዛሬም ቪፒኤኑን ማጥፋት ረስቶ የሆላንድ ማስታወቂያ ለምን እንደሚመጣበት የሚገርመው ሰው ካለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሐሳባችንን ይለውጣል ወይ? እዚህ ላይ ከተለመደው ስጋት ጥቂት መራቅ ያስፈልጋል። «አልጎሪዝሙ ሰውን በራሱ የገደል ማሚቶ ውስጥ ዘግቶ አክራሪ ያደርገዋል» የሚለው ሐሳብ ሲመረመር እንደታሰበው ቀጥ ያለ ሆኖ አልተገኘም። በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ የፌስቡክ ተመራማሪዎች 10.1 ሚሊዮን አሜሪካውያን ተጠቃሚዎችን ያጠኑበት ሥራ፣ የተቃራኒ ወገን ዜናን በማሳነስ ረገድ ከአልጎሪዝሙ ይልቅ የሰዎቹ የራሳቸው ምርጫ እንደሚበልጥ አገኘ። በ2020 የአሜሪካ ምርጫ ወቅት የተካሄዱና በጁላይ 2023 የታተሙት ጥናቶች ደግሞ በፌስቡክና በኢንስታግራም የሺዎችን ፊድ፣ ማለትም መተግበሪያው ሲከፈት ተሰልፎ የሚመጣውን ይዘት፣ ለሦስት ወር ያህል ወደ ጊዜ ቅደም ተከተል ቀየሩት። ሰዎቹ በመድረኩ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ ቀነሰ፣ ስድብ ያለበት ይዘት በፌስቡክ ላይ ቀነሰ፣ እምነት የማይጣልባቸው ምንጮች ግን ጨመሩ፤ የፖለቲካ አቋማቸው ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም። በእነዚያው ወራት ፌስቡክ በመደበኛው ፊድ ላይ የአደጋ ጊዜ እርምጃዎችን ይወስድ ስለነበር ንጽጽሩ ንጹሕ እንዳልሆነ ሌሎች ተመራማሪዎች በ2024 ተቃውሞ አቅርበዋል፤ ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ ይመስለናል።

«እንግዲያው የሌላውን ወገን ሐሳብ ብናሳያቸውስ?» ለሚለውም መልስ አለ፣ መልሱ ግን አያስደስትም። በ2018 የታተመ ሙከራ የትዊተር ተጠቃሚዎች ለአንድ ወር በቀን 24 የተቃራኒ ወገን ጽሑፍ የሚያቀርብላቸውን አካውንት እንዲከተሉ ከፈላቸው። ሪፐብሊካኖቹ ይበልጥ ወግ አጥባቂ ሆነው ወጡ፤ በዴሞክራቶቹ ላይ የታየው ትንሽ ለውጥ ግን ቁም ነገር የሚባል አልነበረም።

የእኛ ግምት ጉዳቱ በአብዛኛው ከራስ አቋም ላይ ሳይሆን፣ ስለ ሌላው ሰው ካለን ግምት ላይ ያርፋል የሚል ነው። ፒው የምርምር ማዕከል በ2019 እንዳሳየው ከአሜሪካ የትዊተር ተጠቃሚዎች ውስጥ 10 በመቶዎቹ ብቻ ከአገሪቱ ተጠቃሚዎች ጽሑፍ 80 በመቶውን ይጽፉ ነበር። ከእነዚህ ጥቂቶች ጽሑፍ ውስጥ ማሽኑ አስቆጥቶ መልስ የሚያስጽፈውን መርጦ ወደ ላይ ያመጣዋል። ጠዋት ስልኩን የከፈተ ሰው ስድስት ዘለፋ በተከታታይ ያያል። ራሱ ዘላፊ አይሆንም፤ ግን «ለካ እነሱ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያስቡን» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ያ ድምዳሜ ጎረቤቱን ሰላም ሲል፣ ቤት ሲያከራይ፣ ልጁን ሲድር አብሮት ይሄዳል። የአሜሪካ ጥናቶች ይህንን የሚለካ መሣሪያ ብዙም አልያዙም፤ የተሠሩትም በሁለት ፓርቲና በአንድ ትልቅ ቋንቋ፣ ማጣሪያውም ደኅና በሚሠራበት አገር ነው።

ማጣሪያው በማይሠራበት አገር ምን እንደሚሆን የኢትዮጵያ ታሪክ ያሳያል። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ኦክቶበር 5 ቀን 2021 ለአሜሪካ ሴኔት በሰጠችው ምስክርነት፣ ምላሽን መለኪያ ያደረገ ደረጃ አሰጣጥ እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የብሔር ግጭትን እያራገበ ነው ስትል ተናግራለች። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 2021 የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ ከመኖሪያ ቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፎቷቸውና ማንነታቸው በፌስቡክ ገጾች ላይ ከክስ ጋር ተለጥፎ ነበር፤ ልጃቸው ደጋግሞ ሪፖርት ማድረጉን ይናገራል። በዲሴምበር 2022 ልጃቸው አብርሃም መዓረግና ሌሎች ከሳሾች የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን በናይሮቢ ፍርድ ቤት ከሰሱ። የሚጠይቁት ካሳን ብቻ አይደለም፤ ጥላቻን ወደ ላይ የሚያወጣው አልጎሪዝም እንዲስተካከል፣ በአካባቢው ቋንቋዎች ይዘት የሚመረምሩ ሰዎች እንዲጨመሩም ጭምር ነው። ሜታ በበኩሉ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል ደንብ እንዳለውና ቋንቋውን በሚያውቁ ባለሙያዎች እንደሚሠራ ሲገልጽ ቆይቷል። ፍርድ ቤቱ ኤፕሪል 3 ቀን 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል።

በኢትዮጵያ ሕግ በኩል የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2020 መድረኮች አቤቱታ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት እንዲያነሡ ያዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2024ም ወጥቷል። የመጀመሪያው የሚያየው የተጻፈውን ነው፤ የተጻፈውን ማን ከፍ እንዳደረገው አይጠይቅም።

ሁሉም ነገር ግን በአልጎሪዝም አይሳበብም። ቴሌግራም ለዚህ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ቻናል ውስጥ ጽሑፍ የሚመጣው በጊዜ ቅደም ተከተል ነው፣ ነጥብ የሚሰጥ የለም፤ በቻናሎች ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ እንኳ ሲጀመር በቻናሉ ርዕስ እንጂ በተጠቃሚው ታሪክ እንዳይወሰን ተደርጎ ነው። ሆኖም የአንድ ወገን አሥር ቻናል ብቻ የገባ ሰው፣ እነዚያ አሥሩ ደግሞ እርስ በርስ ፎርዋርድ የሚደራረጉ ከሆነ፣ ያለ ማንም አልጎሪዝም የራሱን የገደል ማሚቶ ሠርቶ ይኖራል።

አሁን እጅ ላይ ወዳለው ነገር እንምጣ። ብዙ ሰው የማይፈልገው ቪዲዮ ሲመጣበት ዲስላይክ ይነካና ነገሩ ያበቃ ይመስለዋል። ሞዚላ የተባለው የኢንተርኔት ድርጅት ከ22,722 ፈቃደኞች በተሰበሰበ መረጃ በ2022 ባወጣው ጥናት፣ ዩቲዩብ ላይ ዲስላይክ መጥፎ ጥቆማን የሚከላከለው በ12 በመቶ፣ «አልፈልገውም» የሚለው ቁልፍ በ11 በመቶ ብቻ ነበር። ቪዲዮውን ከታሪክ መዝገብ ማጥፋት 29 በመቶ፣ «ይህን ቻናል አትጠቁምልኝ» የሚለው ደግሞ 43 በመቶ ተከላክሏል። ስለዚህ በቪዲዮው ጎን ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ነክተው ቻናሉን ያስወግዱ፤ ከዚያ ወደ ሂስትሪ ገብተው ያዩትን ይሰርዙ። ልጆች ስልኩን ሲወስዱ የእይታ ሂስትሪን ለጊዜው ማቆም ይቻላል፣ ከሌላው ሁሉ ይልቅ የቤቱን ቅይጥ የሚያጠራው ይህ ነው።

ፌስቡክ ላይ ከሜኑ ውስጥ «ፊድስ» የሚለውን ሲከፍቱ የጓደኞችና የገጾች ጽሑፍ በጊዜ ቅደም ተከተል ይመጣል። ኢንስታግራምና ኤክስ የሚከተሏቸውን ሰዎች ጽሑፍ የሚያሳይ «ፎሎዊንግ» የሚል አማራጭ አላቸው። መተግበሪያው ሲዘጋና ሲከፈት ወደ ተለመደው ፊድ ሊመልስዎ ስለሚችል በየጊዜው ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቲክቶክ ከ2023 ጀምሮ ፊዱን እንደ አዲስ ማስጀመር ይፈቅዳል። ብዙዎች አስጀምረው በማግስቱ ያው ይዘት ሲመለስ «አይሠራም» ይላሉ። ሠርቷል፤ የተሰረዘው መዝገቡ ነው፣ የሚቆመው ዓይን ግን ያው ነው። ከማስጀመር በኋላ ማሽኑ እንደ አዲስ ስለሚማር፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የማይፈልጉትን ሳያዩ ቶሎ ማለፍ፣ የሚፈልጉትን ደግሞ በፍለጋ ሄዶ እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል።

ዘለፋ ሲያዩ መልስ አይጻፉበት፤ ለምን እንደሆነ ከላይ በቁጥር አይተነዋል። ሪፖርት ያድርጉ። ሐሰቱን ማረም ግድ ከሆነ በራስዎ ገጽ ላይ፣ የመጀመሪያውን ጽሑፍ ሳያያይዙ፣ እውነቱን በራሱ ይጻፉ።

የራስዎ ፊድ ምን ያህል ከሌላው እንደተለየ ለማየት ሁለት ስልክ ይበቃል። ሁለቱም በአንድ ዋይፋይ፣ በአንድ ደቂቃ፣ በጉግል ወይም በዩቲዩብ ያው ቃል በያው ፊደል ይፈለግባቸውና የመጀመሪያዎቹ አሥር ውጤቶች ይነጻጸሩ። በተለያየ ሰዓት ወይም አንዱ በሞባይል ዳታ ከተሠራ፣ የሚታየው ልዩነት ከጊዜና ከቦታ ይሁን ከታሪክዎ መለየት አይቻልም። ከዚያ በአንዱ ስልክ ላይ ከአካውንቱ ወጥተው ይድገሙት፤ ያም ቢሆን ፍጹም ባዶ አይሆንም። ጉግል ከዲሴምበር 2009 ጀምሮ ሳይገቡ ለሚፈልጉ ሰዎችም በብራውዘሩ በቀረ ምልክት የ180 ቀን ፍለጋን መሠረት አድርጎ ውጤቱን መለየት ጀምሮ ነበርና፣ በስውር መስኮት መክፈት ይሻላል።

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚኖሩ ወገኖች ሌላው ብዙ ሰው የሌለው መብት አላቸው። የኅብረቱ የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በወር 45 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ የአውሮፓ ተጠቃሚ ያላቸው መድረኮች በግል መረጃ ላይ ያልተመሠረተ ቢያንስ አንድ የጥቆማ አማራጭ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል፤ ትልልቆቹ ላይ መተግበር የጀመረው በኦገስት 2023 መጨረሻ ነው። ሮም ወይም ስቶክሆልም ያለ ሰው ቲክቶክ ላይ በሴቲንግስ ውስጥ በግል የተበጀውን ፊድ ሲያጠፋ፣ በታሪኩ ፈንታ በአካባቢውና በዓለም ተወዳጅ የሆነው ይመጣለታል። ይህ ማለት ደግሞ አማርኛው በእጅጉ ይቀንሳል፤ አማርኛውን ሲያመጣለት የነበረው የራሱ ታሪክ ነውና። ለአማርኛ ተመልካች የሚሻለው ስለዚህ ማጥፋቱ ሳይሆን የሚከተሉትን ሰዎች ብቻ የሚያሳየውን ገጽ መጠቀም ነው።

ቲክቶክ ላይ ቃላትን የሚያጣራውን አማራጭ የሚሞክር ሰው ደግሞ ፊደሉን አይርሳ። «ጸብ» ብሎ ያስገባ ሰው «ፀብ» ተብሎ የተጻፈው ሊያመልጠው ይችላልና ሁለቱንም፣ «ጠብ» የሚለውንም፣ በላቲን ፊደል የሚጻፉትንም አንድ በአንድ ማስገባት አለበት።